ስለ ፈረስ እግር ሕመምና ስለ ራጅ ጥቅም



ፈረስ በአገራችን ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ ያለው እንስሳ መሆኑ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መላ እየተባሉ የተጠሩት በፈረስ ስማቸው ነበር። ዛሬ የፈረስ ዘመቻ ቀርቶ የፈረስ ሥራ ጋሪና ጭነት ሆኗል። በአምቦና በጊንጪ ከተማ ባጃጅ እየበዛ ቢሄድም፣ እህሉንና ሸቀጡን ከገበያ ወደ ቤት የሚያደርስ ባለጋሪ አሁንም አለ፤ ከጄልዱና ከደንዲ ደጋም ብዙ ገበሬ ወደ ገበያ የሚወርደው በፈረሱ ነው። እንግዲህ የአንድ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ፣ የልጆቹም የደብተር ዋጋ በአራት ሰኮና ላይ ቆሟል ማለት ይቻላል። ፈረሱ ያነከሰ ዕለት ቤቱ በሙሉ ያነክሳል።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ፈረስ ግን ሕመሙን የሚሸሽገው ወዶ አይደለም፤ አንደበት የለውምና። ስለዚህ የታመመውን ስፍራ ፈልጎ ማግኘት የባለቤቱና የሐኪሙ ሥራ ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንድ ነገር ነው። ፈረሱ በፊት እግሩ ሲያነክስ ባለቤቱ ወደ ላይ ይመለከትና፣ ሕመሙ ከትከሻው ነው፣ ከጉልበቱ ነው ብሎ በጋለ ብረት ያስተኩሰዋል። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚያስረዳው ግን የፊት እግር ማነከስ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከታች፣ ከሰኮናው ውስጥ መሆኑን ነው። ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በሁለቱ የፊት እግሮቹ ስለ ሆነ፣ ድካሙም ጉዳቱም የሚበረታው በእነዚያው ሰኮናዎች ላይ ነው። ምስማር በሰኮናው ሥር ተቀብሮ ሳለ ትከሻውን መተኮስ፣ በአንድ ሕመም ላይ ሁለተኛ ሕመም መጨመር ነው።

ሰኮና ከውጭ ሲያዩት እንደ ቀንድ የጠነከረ ነው። በውስጡ ግን አጥንት፣ ጅማት፣ ደም ሥርና ነርቭ አለበት። ከሁሉ በታች ያለው አጥንት ከሰኮናው ግድግዳ ጋር በስስ ሕያው ሥጋ ተያይዞ የተንጠለጠለ ነው። ከእርሱም በስተኋላ ትልቁ ጅማት የሚያልፍባት አንዲት ትንሽ አጥንት አለች፤ ቅርጿ ታንኳ ስለሚመስል ሊቃውንቱ በላቲን ቋንቋ «ትንሽ ታንኳ» በሚል ቃል ሰይመዋታል። ሰኮናው ጠንካራ ስለ ሆነ፣ ውስጡ ሲያብጥ ወደ ውጭ ሊለጠጥ አይችልም። ሕመሙ እጅግ የሚበረታውም፣ ከዓይን የሚሰወረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን የተዘጋ ሣጥን ሳይከፍቱ ውስጡን ማየት የተቻለው በራጅ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው በጥቅምት ወር 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዓመቱ የዐድዋ ጦርነት ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል በሁለቱ ክንድ ውስጥ የቀረው ጥይት ያለበት ስፍራ በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል በዚሁ ጨረር ተፈልጓል። ይህም ራጅ ለጦር ቁስለኛ ካገለገለባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ ነው። የእንስሳት ሐኪሞችም ብዙ ሳይቆዩ ጨረሩን ለሙያቸው ማዋል ጀመሩ። አሠራሩም ሲነገር፣ ጨረሩ በለስላሳው አካል በኩል በቀላሉ ሲያልፍ አጥንትና ብረት ያግዱታል፤ ስለዚህ በወዲያኛው በኩል በተደገነው ሰሌዳ ላይ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ራጅ ለፈረስ ሰኮና የሚሰጠውን ጥቅም በሦስት ምሳሌ እንመልከት።

አንደኛው የምስማር ጉዳት ነው። ምስማሩ ሳይነቀል ምስሉ ቢነሣ፣ ጫፉ ከምን እንደ ደረሰ ይታወቃል። በሥጋው ብቻ የቀረ እንደ ሆነ በጥቂት ቀናት እንክብካቤ ሊድን ይችላል፤ ወደ መገጣጠሚያው ወይም ወደ ታንኳይቱ አጥንት የዘለቀ እንደ ሆነ ግን ፈጥኖ ካልታከመ ፈረሱን ያሳጣል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ናቸው።

ሁለተኛው ከጥጋብ የሚመጣው ሕመም ነው። ፈረስ ከአውድማ ገብቶ ገብስ ወይም ስንዴ ያለ ልክ የበላ እንደ ሆነ፣ አጥንቱን ከሰኮናው ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ስስ ሥጋ ይቆጣል። ፈረሱም የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ ኋላ ተደግፎ ይቆማል፤ ለመራመድም እንቢ ይላል። ሥጋው ሲላቀቅ አጥንቱ ጫፉን ወደ ታች ያዘነብላል። ራጅ ይህን ማዘንበል በልክ ስለሚያሳይ፣ ሰኮናው ምን ያህል መቀረፍ እንዳለበት፣ ፈረሱም ወደ ሥራ የመመለስ ተስፋ እንዳለው ሐኪሙ ይረዳል።

ሦስተኛው ቀስ በቀስ የሚመጣው የታንኳይቱ አጥንትና የመገጣጠሚያ መጎዳት ሲሆን፣ ይህ ከውጭ እብጠትም ቁስልም ሳይኖረው ፈረሱን ለወራት ያስነክሰዋል።

ነገር ግን ራጅ ሁሉን ያያል ማለት አይደለም። ስስ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ፣ ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ ግን ሊገለጥ ይችላል። የጅማት ጉዳትም በራጅ አይለይም፤ ከሰኮናው በላይ ያለውን ጅማት የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው። አጥንቱንና ጅማቱን በአንድነት የሚያሳየው ኤም አር አይ የሚባለው በብርቱ ማግኔት የሚሠራ መሣሪያ ሲሆን፣ በሠለጠኑት አገሮች ፈረስ ቆሞ ሳለ የሚመረመርበት ዓይነት አለ፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው። ከዚህም በላይ ሰኮናው በሚገባ ሳይጸዳ የተነሣ ምስል ጠጠሩንና ጭቃውን ጨምሮ ስለሚያሳይ ሐኪሙን ያሳስታል። ጨረሩም በዘልማድ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ ፈረሱን የሚይዘው ሰው መከላከያ ልብስ ሊለብስ፣ እጁንም ከጨረሩ መንገድ ሊያርቅ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከቶ ሊቀርቡ አይገባም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀድመው እጅ ነው። ሐኪሙ ፈረሱን በደረቅ መሬት ላይ አስሄዶ ያያል፤ የሰኮናውን ሙቀትና የደም ሥሩን ትርታ ይዳስሳል፤ ሰኮናውን በጉጠት ጫን እያደረገ የሚያመውን ስፍራ ይፈልጋል። እንደ አስፈላጊነቱም ማደንዘዣ ወግቶ ማነከሱ ይቀር እንደ ሆነ ይመለከታል። ምስል የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የት እንደሚፈልግ ላላወቀ ሰው የራጅ ምስል ጥላ ብቻ ነው።

በወረዳ ከተሞች ያለው የእንስሳት ጤና ጣቢያ በአብዛኛው የሚሠራው በዚሁ በእጅና በዓይን ነው። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ በጉደር ካምፓሱ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ አንጋፋው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ደግሞ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ከአምቦ እስከ ቢሾፍቱ ግን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያነከሰ ፈረስ ይህን መንገድ በእግሩ አይሄደውም፤ የመኪናውም ኪራይ ከባለጋሪው አቅም በላይ ነው። እንግዲህ ፈረሱ ወደ መሣሪያው መሄድ ካልቻለ፣ መሣሪያው ወደ ፈረሱ መምጣት ይኖርበታል። ዛሬ በባትሪ የሚሠራ፣ አንድ ሰው በእጁ የሚይዘው፣ ምስሉንም ወዲያው በኮምፒዩተር የሚያሳይ የራጅ መሣሪያ አለ። አንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሠለጠነ ሐኪም ጋር በየገበያው ቀን ተራ እየገባ ቢዞር፣ አምቦን፣ ጉደርንና ጊንጪን ሊያገለግል ይችላል። ባለጋሪዎች በማኅበር ሆነው፣ ትምህርት ቤቱና የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ተባብረው ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

እስከዚያው ግን ባለፈረስ የሆናችሁ ሁሉ በየማታው ሰኮናውን አንሡ፣ ጥረጉ፣ ተመልከቱ። ምስማር ያገኛችሁ እንደ ሆነ ፈረሱን አቁሙና ሐኪም ጥሩ። ሐኪም ሩቅ ከሆነ ነቅላችሁ የገባበትን ስፍራና ጥልቀቱን ልብ በሉ፤ ቁስሉንም አጥባችሁ፣ ፈረስን ፈጥኖ የሚገድለውን መንጋጋ ቆልፍ የሚከላከለውን መርፌ አስወጉ። እህል የበዛበትን ፈረስ እህሉን ከልክሉት፣ እግሩን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቁሙት፣ ከሥራም አሳርፉት፣ ሐኪምም ሳትዘገዩ ጥሩ።

አነከሰ ተብሎ ከመንገድ ዳር የተጣለ ፈረስ ሁሉ የማይድን አልነበረም። ከእነርሱ ብዙው ሕመሙ ያለበት ስፍራ ስላልታወቀ ብቻ የተጣለ ነው። ስለዚህ ፈረሱን ከመተኮሳችሁና ከመጣላችሁ በፊት ሰኮናውን አንሥታችሁ እንድትመለከቱ አደራ እላለሁ።