የጦማር ገቢና የስም አጻጻፍ



በጦማር ገንዘብ ማግኘት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «ስንት ይከፈለኛል?» የሚለው ሳይሆን «አንባቢው በምን ስም ይፈልገኛል?» የሚለው ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በዓለም ባንክ ሰፈር ስለ ቤት ኪራይ የሚጽፍ ጦማሪ አለ እንበል። የሰፈሩ ስም ከታወቀው ዓለም አቀፍ የገንዘብ ተቋም ስም ጋር አንድ እንደ መሆኑ መጠን፣ ስሙን ብቻ ጽፎ በጉግል የሚፈልግ ተከራይ በቤት ፈንታ የብድር ዜና ሊያገኝ ይችላል። በዚህም ላይ አንዱ «ዓለም» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «አለም» ይላል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሲመዘገብ ሞክሼ ሆሄያቱ ለየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋልና፣ ለጆሮ አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒዩተር ሁለት ነው። ስለዚህ ጦማሪው በርእሱ ላይ ክፍለ ከተማውንና የቤት ኪራይን መጥቀስ፣ ሁለተኛውንም አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ በአግባቡ ማስገባት ይኖርበታል።

ገቢውስ? ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው አድሴንስ የማስታወቂያ ገቢን ለገጹ ባለቤት ያካፍላል፤ ነገር ግን ገንዘቡ እንዲጠራቀም እጅግ ብዙ አንባቢ ያሻል። የሰፈር ጦማር አንባቢው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ቤት የሚከራይ ሰው አልጋና መጋረጃ፣ ዕቃ የሚጭን መኪናም ይፈልጋልና፣ የሰፈሩ ነጋዴ ለማስታወቂያ ቢከፍል ያዋጣዋል። ብቻ የተከፈለበት ሁሉ «ማስታወቂያ» ተብሎ ይጻፍ። ተከራዩ ያነበበውን ካየው ቤት ጋር አነጻጽሮ መታለሉን ያወቀ እንደ ሆነ፣ በማግሥቱ ወደ ደላላው ይመለሳል፤ ጦማሩም በፍለጋ ቢገኝ እንኳ የሚከፍተው የለም።