ከአንኮበር እስከ ኑሻቴል፤ በባዕድ አገር የሚማር ሰው ኑሮ



ትምህርት ፍለጋ ወደ ባዕድ አገር ስለ መሄድ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ከዚህ ወደዚያ የተጓዘው ሰው ነው። አንኮበር ግን ነገሩን መጀመሪያ ያየችው ከወዲያኛው በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ፣ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ትምህርቱን ፈጽሞ፣ ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር ወደ ንጉሥ ምኒልክ ከተማ ወደ አንኮበር መጣ። ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነበር። በመጀመሪያ የታዘዘው ድልድይ እንዲሠራ ሳይሆን ጫማ እንዲሰፋ ነው ተብሎ ይተረካል። የፖሊቴክኒክ ምሩቅ ጫማ ስፋ ሲባል ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም፤ እርሱ ግን ሠራ። አማርኛም ተማረ። በአዋሽ ላይ ድልድይ፣ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ፣ ኋላም የባቡር ሐዲዱ ውል የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ያው ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1894 ሦስት ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ለትምህርት ወደ አገሩ ወሰደ። አንደኛው በአንኮበር የነገሡት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣ ነበር። ሁለተኛው ቀደም ሲል በጣሊያን አገር ሥዕል ያጠናው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ሦስተኛውም ቅጣው የሚባል ወጣት ነበሩ። በኑሻቴል ከተማ በሐይቁ ዳር ተቀመጡ። በአድዋ ዘመቻ ሰሞን ግን ሦስቱም ስዊስን ትተው ወደ ጣሊያን፣ ማለትም ወደ ጠላት አገር ተሻገሩ። አፈወርቅ በኋላ በኔፕልስ አማርኛ አስተማረ፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድም እ.ኤ.አ. በ1908 በሮማ አሳተመ። ትምህርታቸው የታሰበበት ዓላማ ግን በዚያው ቀረ።

ክህደትን ማቃለል አይገባም። ሆኖም መሐንዲስ የወደቀ ድልድይ ሲያይ የወንዙን ሙላት ብቻ አይከስም፤ ድልድዩ በስንት ምሰሶ ቆሞ እንደ ነበርም ይቈጥራል። ያመጣቸው ሰው ሥራው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ኢልግ አንኮበር በደረሰ ጊዜ ከሰው ጋር የሚያገናኘው የእጅ ሥራ ወዲያው አገኘ፤ ልጆቹ ግን በኑሻቴል የሚፈለጉበት ሥራ አልነበራቸውም። በአንጻሩ ከዚያው ከሰሜን ሸዋ፣ ከሰያደብር የተወለዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአድዋ በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የተቀበላቸው ቤተሰብ ነበር፤ የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው።

ዛሬ ከአንኮበር ተነሥቶ፣ ምናልባትም በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ወጣት አጃቢ የለውም። ብርዱ ብዙም አያስደንቀው ይሆናል፤ በርኖስ ለብሶ ያደገ ሰው ነው። የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው። በታኅሣሥ ወር የአንኮበር ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲረዝም፣ የኑሻቴሉ ከስምንት ሰዓት ተኩል እምብዛም አያልፍም፤ ወደ ሰሜን በሄዱ ቍጥርም ይብሱን ያጥራል። ከላቦራቶሪ ሲወጣ ጨልሟል፤ ሲገባም አልነጋም ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ስሙ ይጠፋበታል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቀው በአንዱ መሥሪያ ቤት የአባቱን፣ በሌላው የአያቱን ይጽፋል። ባንኩና ዩኒቨርሲቲው እንደ ሁለት ሰው ይመዘግቡታል፤ የነፃ ትምህርቱ ገንዘብም በመካከል ይዘገያል። በጀርመን አገር ደግሞ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ለከተማው መዝገብ ቤት ማስታወቅ ይኖርበታል፤ ለዚህም የአከራዩ ማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ካላገኘ የመጀመሪያው ወር በየቢሮው ደጃፍ ያልቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በመማሪያ ክፍል የሚገጥመው ነው። መምህሩን አንቱ እያለ፣ ሲናገሩም አንገቱን ደፍቶ የተማረ ልጅ፣ ፕሮፌሰሩ በስሜ ጥራኝ ሲሉት አፉ አይታዘዝለትም። ዝምታውን እርሱ ጨዋነት ነው ይላል፤ እነርሱ አልተዘጋጀም ይላሉ። ስሌቱን ከሁሉ ቀድሞ ጨርሶ እንኳ ሳይናገር ሰዓቱ ያልፋል። አልገባኝም ማለትን ከቻለ ፈተናው ይቀልለታል፤ ካልቻለ ግን ያልገባውን የሚያውቀው በመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የነፃ ትምህርቱ ዕድል አደጋ ላይ ነው። በላቦራቶሪ ትንሽም ብትሆን፣ መሣሪያ ማጽዳትም ቢሆን፣ ሥራ ያገኘ ተማሪ ቶሎ አፉን ሲፈታ ይታያል።

በዚህ አዳራሽ ካሉት አባላት መካከል በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ አሉ። በመጪው መስከረም የሚሄድ ወጣት የሚያውቅ አባል ከወዲሁ ደብዳቤ ይጻፍለት። ስለ ሥልጣኔና ስለ አገር ፍቅር ሌሎች ይጽፉለታል፤ የማኅበሩ አባል ደብዳቤ የአያቱን ስም በየትኛው መስመር እንደሚሞላ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበት የሚነግረው ይሁን።