ልጆቻችንና የቂብላው ጥላ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ዛሬ የማነሳላችሁ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጆቻችን ነው። በአዲስ አበባ ካለው ጀማዓችን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ኡስታዝ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ አልመርጥም። ሽምደዳ ብቻ ነው» አለኝ። አባቱ «ሰንፎ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ልጁ እውነት እንዳለው አውቃለሁ። የሚማርበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ነው የሚከርመው። እኔም ኮሌጅ ሳለሁ ታንጀንትን በቃሌ ይዤ ፈተናውን አለፍኩ እንጂ ለምን እንደሚጠቅም ሳላውቅ ነው የወጣሁት።

ስለዚህ ባለፈው ግንቦት 19 ቀን ተማሪዎቹን፣ ወንዶችንም ሴቶችንም፣ ወደ መስጂዳችን ግቢ ጠራኋቸው። የያዝነው አንድ ሜትር ቁመት ያለው እንጨት፣ ድንጋይ የታሰረበት ክር፣ ማስመሪያና ሰዓት ብቻ ነበር።

ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ከካዕባ አናት በላይ በትክክል ትቆማለች። ይኸውም ግንቦት 19 ወይም 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ እንዲሁም ሐምሌ 8 ወይም 9 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ነው። (የሐምሌውን ደመናው ብዙ ጊዜ ይከለክለናል።) የእኛና የመካ ሰዓት አንድ ነው። በዚያች ደቂቃ መካ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም። የእኛ እንጨት ግን ጥላ ይጥላል፤ ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር የሚሰመረው መስመርም ቂብላን ያሳያል።

አንድ አዛውንት ሐጂ መጥተው «ልጆቹን ቁርኣን ብታቀራቸው አይሻልም?» አሉኝ። «ሐጂ፣ ቂብላ እየፈለጉ ነው» ስላቸው ቆመው ያዩ ጀመር። ሰዓቱ ሲደርስ መስመሩን አሰመርን። ከመስጂዱ አቅጣጫ ትንሽ ዘንበል ብሎ ወጣ! ሐጂ ዞረው አዩኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደነገጥኩ። ለልጆቹ ከካዕባ ርቆ የሚሰግድ ሰው አቅጣጫውን መያዙ እንደሚበቃው፣ የአባቶቻቸውም ሰላት በዚህ እንደማይበላሽ ነገርኳቸው። ፊትና ከአንድ መስመርም ሊነሳ ይችላል።

ጥላው 24 ሳንቲ ሜትር ነበር። ያ ሳይንስ የጠላው ልጅ ክሩን ከእንጨቱ ጎን አንጠልጥሎ «እንጨቱ ዘሟል!» አለ። ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ዘሞ ኖሯል። በማግስቱ እንጨቱን በክሩ አስተካክለን ስንለካ ጥላው 22 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ መስመሩም ከሚሕራቡ ጋር ተስማማ።

ከዚያ ስሌቱ መጣ። 22ን ለ100 አካፍለው አንግሉን ሲፈልጉ 12.4 ዲግሪ ሆነ። የፀሐይ ጨረር መካም እዚህም ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ ስለሚመጣ፣ ይህ አንግል በእኛና በመካ መካከል ያለው የምድር ጉብታ ልክ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ360 ሲካፈል ለአንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። በ12.4 ሲባዛ 1,376! ከአዲስ አበባ መካ በቀጥታ መስመር 1,380 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዘመመው እንጨት ግን 1,500 ሊሆን ነበር። ሐጂ «ሱብሓነላህ፣ በእንጨት?» አሉ።

አል-ቢሩኒም በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1025 በጨረሰው መጽሐፉ የጋዝና ከተማን ቂብላ ለማግኘት የደከመው በዚሁ ዓይነት ልኬትና ስሌት ነው። መሣሪያው ከእኛ የተሻለ ቢሆንም ቤተ ሙከራ እስኪከፈትለት አልጠበቀም።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን በግቢያችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ልጆቹ ጥላውን እንጂ ፀሐይዋን በዓይናቸው እንዳያዩ ብቻ ተጠንቀቁ። እንጨቱን አስቀድማችሁ በክር አቁሙት፤ የእኛ ስህተት ይበቃል።

ሊበተኑ ሲሉ አንዲት ተማሪ «ዋሽንግተን ያለችው አክስቴስ በዚህ ሰዓት ማየት ትችላለች?» ብላ ጠየቀች። እኔ መልሱን ሳስብ ያ ልጅ ብርቱካን አንስቶ የስልኩን መብራት አበራበትና «አትችልም፣ እዚያ ፀሐይ ገና አልወጣችም» አላት። አባቱ ከበሩ አጠገብ ቆመው ያዩት ነበር። የሚመርጠውን ትምህርት ገና አልነገረኝም፤ ክሩን ግን ይዞት ሄዷል።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።