ሊንከን የተሸነፈበት ምርጫ
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የምርጫ ነገር ሲነሣ ዘወትር የሚወራው ስለ አሸናፊው ነው። የተሸናፊው ስም ከግድግዳው ላይ ከወረቀቱ ጋራ ይቀደዳል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ተሸናፊ ነው። ይኸውም በ1832 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተወዳድሮ ስለ ወደቀው ስለ አብርሃም ሊንከን ነው። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ሊንከን ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት፣ ማለት የብዙዎቻችን እኩያ ነበር። ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። ኒው ሴለም ወደምትባለው ትንሽ መንደር ከመጣም ገና ዓመት ሳይሞላው በማርች ወር ዕጩነቱን በጋዜጣ አስታወቀ።

ያቀረበው ሐሳብ ባዶ ተስፋ አልነበረም። የባቡር ሐዲድ ጠቃሚ መሆኑን ሳይክድ፣ ወጪው 290,000 ዶላር ስለ ተገመተ ለጊዜው የሳንጋሞን ወንዝ ለጀልባ ቢጠረግ ይሻላል አለ። ከልክ ያለፈ የብድር ወለድ በሕግ እንዲገታ፣ ትምህርትም እንዲስፋፋ ጠየቀ። ባለጠጋ ወይም ዝነኛ ዘመድ እንደሌለውም ሳያፍር ገለጸ።

ነገር ግን በአፕሪል ብላክ ሆክ ከተባለው የሳውክ ሕዝብ መሪ ጋራ ጦርነት ስለ ተነሣ ሊንከን በፈቃደኝነት ዘመተ። ጓደኞቹም ሻምበል አድርገው መረጡት። ሲመለስ ለኦገስት 6ቱ ምርጫ የቀሩት ሁለት ሳምንታት ያህል ነበሩ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በዚህች አጭር ጊዜ ሰፊውን ወረዳ ሊያዳርስ አልቻለም።

ለአራት ወንበሮች ከተወዳደሩት 13 ሰዎች መካከል ስምንተኛ ወጣ። ሆኖም በሚኖርበት በኒው ሴለም ከተሰጠው 300 ድምፅ 277ቱ የእርሱ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚያውቁት መረጡት፤ የማያውቁት አልመረጡትም። ሕዝቡን አላዋቂ ብሎ ለመውቀስ ምን ምክንያት ይገኛል?

አንዳንድ ሰዎች ይህን ታሪክ ለማጽናኛ ብቻ ይጠቅሱታል። «ሊንከንም ወድቆ ነበር፤ በኋላ ግን ፕሬዚዳንት ሆነ» ይላሉ። ይህ አባባል አይረዳንም። በምርጫ የሚወድቁት አብዛኞቹ ፕሬዚዳንት አይሆኑም። ልናስተውለው የሚገባው በ1832 እና በ1834 መካከል የነበሩትን ሁለት ዓመታት ነው። በ1833 የኒው ሴለም ፖስታ ቤት ሹም ሆነ፤ ቀጥሎም የመሬት ቀያሽ ረዳት ሆኖ ሠራ። ደብዳቤ እያደለ፣ የገበሬውን ድንበር እየለካ ከወረዳው ሕዝብ ጋራ ተዋወቀ። በ1834 እንደገና ሲወዳደር ከ13 ዕጩዎች ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ። ከዚያም በኋላ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ተመረጠ።

ሌላም ነገር አለ። በ1832 ካሸነፉት አንዱ ጆን ስቱዋርት ነበር። ይህ ሰው ሊንከን ሕግ እንዲያጠና መከረው፤ መጻሕፍቱንም አዋሰው። በ1837ም አብረው ጥብቅና ሠሩ። አሸናፊው ተሸናፊውን አልናቀውም፤ ተሸናፊውም አላኮረፈም።

በዚያ ዘመን በኢሊኖይ ሴቶችና ጥቁሮች ድምፅ መስጠት አይፈቀድላቸውም ነበርና የምርጫውን ሥርዓት እንዳለ አርአያ አድርገን አንወስደውም። የተሸናፊው ጠባይ ግን ሊያስተምረን ይችላል።

በእኛ መካከል የምርጫ ሳምንት ሲደርስ ብቻ የሚታይ ዕጩ አለ። ሲወድቅ መራጩን ሰድቦ እስከሚመጣው ምርጫ ድረስ ይሰወራል። አሸናፊውም የተፎካካሪውን በጎ ሐሳብ ከነወረቀቱ ይጥለዋል። በዚህ ዓይነት ማኅበራችን በየዓመቱ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ዕጩን ስንመዝን በመድረክ ላይ የተናገረውን ብቻ ሳይሆን፣ ከምርጫው በፊት የት ይሠራ እንደ ነበረ፣ ቢሸነፍም በማግሥቱ የት እንደሚገኝ እንጠይቅ።