ክዳኑ ተዘግቶ የሚነሳው ፎቶ

በኦሪዮን ኅብረ ኮከብ፣ በረድፍ ከቆሙት ሦስት ከዋክብት በስተደቡብ፣ ጭጋግ የመሰለች ነጥብ አለች። ኔቡላ ናት፤ ከዋክብት የሚወለዱባት የጋዝና የአቧራ ደመና። ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 1,300 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 እንግሊዛዊው መሐንዲስ አንድሪው ኮመን ኢሊንግ ከሚገኘው ግቢው ሆኖ ፎቶ አነሳት። የቴሌስኮፑ መስታወት 91 ሴንቲሜትር ስፋት ነበረው። ፎቶው በሚታተምበት ሳህን ላይ ታዲያ በዚያው ቴሌስኮፕ ዓይን የማይደርስባቸው ከዋክብት ታተሙ!

የዛሬው አማተር የሰማይ ፎቶ አንሺ በአንድ ፎቶ አይረካም። የሁለት የሁለት ደቂቃ ፎቶዎችን በብዛት አንስቶ በኮምፒውተር ይደራርባቸዋል። አድካሚ ነው፤ ጥራቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ፎቶ ያስፈልጋል።

ከዚያ የሌንሱን ክዳን ገጥሞ ጨለማውን ያነሳል። ለጎረቤት እብደት ሊመስል ይችላል። እሱ ግን ካሜራው ከራሱ የሚያመነጨውን ነጠብጣብ ለይቶ ከምስሉ መቀነሱ ነው።

ፈተናው ቀለም ላይ ነው። ቀዩ የሃይድሮጅን እውነተኛ ብርሃን ነው፤ አንዳንዱ ግን እጁን መሰብሰብ ያቅተውና ደመናዋን በርበሬ ያስመስላታል።

ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ከራት በኋላ ወጣ ብላችሁ ቀና በሉ፤ ሦስቱን ከዋክብት አታጧቸውም።