ስለ መለወጥና ስለ ማደግ
(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተከበረበት ዕለት በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መንፈሳዊ ማኅበር ስም የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ክርስቲያናዊ ሕይወት ዕድገት እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ እጅግ ደስ ብሎን ነበር። ጽሑፉን ለማሰናዳት በተቀመጥን ጊዜ ግን ደስታችን ሐፍረት ሆነብን። ከልጅነታችን ጀምሮ በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ጠዋት በመዝሙር ማታ በጸሎት ያደግን ስንሆን፣ ስለዚህ ነገር በቃል የምናውቀው ብዙ፣ በኑሮ የምናውቀው ጥቂት ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ያልደረስንበትን ከመስበክ ይልቅ ያደረግነውን ለመናገር መረጥን። የሚያስመሰግን ነገር ስላልሆነ በትዕግሥት እንድትሰሙን እንለምናለን።

ክፍለ ከተማችን ኮልፌ ቀራንዮ ይባላል። ቀራንዮ ጌታችን የተሰቀለበት ቦታ ስም መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ነገር ግን የታክሲ ረዳት በየማለዳው «ቀራንዮ! ቀራንዮ!» እያለ ሲጣራ ስለምንሰማው ጆሯችን ለምዶታል፤ ትርጉሙም ትዝ አይለንም።

በዚሁ በክፍለ ከተማችን ውስጥ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመ ሆስፒታል አለ። በ1920ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው የሚሲዮን ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቻቸው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያቋቋሙት ነው። በ1958 ዓ.ም. ለመላው አፍሪካ ሐኪሞች ማሠልጠኛ እንዲሆን ታስቦ ዛሬ አለርት የምንለው ድርጅት በዚያው ሥፍራ ተመሠረተ። አሁን ሌላም ልዩ ልዩ ሕመም ይታከምበታል። ሕሙማኑ ከየጠቅላይ ግዛቱ በእግር፣ በበቅሎ፣ በጭነት መኪና እየመጡ ይታከሙ ነበር። ከታከሙ በኋላ ግን ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ሊመለሱ አልቻሉም፤ ዘመድ አልተቀበላቸውምና። ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ተጋብተው፣ ልጆች ወልደው ቀሩ። የእነዚያ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ከእኛ ጋር ይማራሉ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አንድ የዚያ ሰፈር ልጅ በክፍላችን ነበረ። ስሙን አንጠራም። በሂሳብ ከሁላችን ይበልጥ ነበር። አጠገቡ የሚቀመጥ ግን አልነበረም፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ አንዱ «መስኮቱ ይበርደኛል» ይላል፣ ሌላው «ሰሌዳው አይታየኝም» ይላል። ማንም እውነቱን አልተናገረም፤ ማንም ግን አልሳተውም፤ ልጁም ጭምር።

የወላጆች ቀን በደረሰ ጊዜ እናቱ መጡ። ነጭ ነጠላ ለብሰው በአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ፤ የቀረው አግዳሚ እስከ መጨረሻው ባዶውን ዋለ። በዚያን ዕለት ጠዋት ማኅበራችን ጸሎት አድርጎ ነበር። ብዙዎቻችን አልቅሰን፣ «ጌታ ሆይ፣ ልባችንን ለውጥ» ብለን ተነሥተን፣ ዐይናችን ገና ቀልቶ ሳለ ሻይ ለማደል ተሰለፍን። ለወላጆች ሁሉ በብርጭቆ ሰጠን። ለእርሳቸው ግን ተጥሎ በሚቀር የፕላስቲክ ኩባያ ሰጠናቸው። ያዘዘን ሰው አልነበረም፤ በመካከላችንም አልተመካከርንም፤ እጃችን ራሱ ሄዶ ኩባያውን አነሣ። እርሳቸው በሁለት መዳፋቸው መካከል ይዘው፣ «እደጉ ልጆቼ» ብለው መረቁንና ጠጡ።

ልጃቸው ቆሞ ያይ ነበር። በተከታዩ ዓመት ለመመዝገብ አልመጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ሰባኪዎች የኃጢአት ምሳሌ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ለምጽን ይጠቅሳሉ፤ እኛም በጉባኤ ጠቅሰናል። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን የተጻፈው ለምጽ ልብስንና የቤት ግድግዳን ሳይቀር የሚይዝ ሲሆን፣ የሥጋ ደዌ ግን የኖርዌዩ ሐኪም ዶክተር ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ባገኙት ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ጣት የሚቆርጠውም ባክቴሪያው ራሱ አይደለም። በሽታው ነርቭን ይጎዳና እጅና እግር ሕመም መስማት ይተዋሉ። ሰውየው የጋለ ጀበና በባዶ እጁ ያነሣል፤ አያመውም፤ ይቆስላል፤ ሳያውቅ ይቆያል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ይህን በሕንድ አገር በቬሎር ይሠሩ የነበሩት የሚሲዮን ሐኪም ዶክተር ፖል ብራንድ በሚገባ አስረድተዋል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ1981 እ.ኤ.አ. ልዩ ልዩ መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ ከመከረ ወዲህ፣ ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወር ወይም በ12 ወር ይጨረሳል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል። የልጁ እናት ደግሞ እኛ ሳንወለድ ታክመው የዳኑ ናቸው።

ይህን ሁሉ በባዮሎጂ ፈተና ጽፈን ሙሉ ማርክ አግኝተንበታል። ኩባያውን ያነሣው እጅ ፈተናውን የጻፈው እጅ ነው። እንግዲህ መስማት የተወው የማን እጅ ነበር?

አሥረኛ ክፍል ሳለን አንድ መምህራችን የልጁን መቅረት አንሥተው ምክንያቱን ጠየቁን፤ ዝም አልን። በሌላ ቀን፣ ያለ ቁጣ፣ የእናቱን ቤት እንደሚያውቁት ነገሩን። በቅዳሜ አምስት ሆነን ሄድን። ከዳቦ ቤት ሁለት ትልልቅ ዳቦ ገዝተን ነበር፤ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው ብለን። እውነቱን ለመናገር ግን ዳቦውን ሰጥተን ቶሎ ለመመለስ ነበር። እማማ ግን አስቀመጡን። ሣር ጎዝጉዘው፣ ቡና ቆልተው፣ በእነዚያ ባጠሩ ጣቶች ስኒውን እያነሡ አንድ በአንድ ሰጡን። ጠጣን። ስንመለስ ኩራት ተሰማን፤ በሚቀጥለውም ጉባኤ ወጥተን መሰከርን፤ ጉባኤው እልል አለ። ዛሬ ከኩባያው ይልቅ የምናፍርበት በዚያ ምስክርነት ነው። የሰው ቤት ቡና ጠጥቶ ለምስጋና የሚቆም ምን ዓይነት እንግዳ ነው?

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 በቤተ ሳይዳ ስለ ነበረ አንድ ዕውር ተጽፏል። ጌታ እጁን ጭኖ ምን እንደሚያይ ቢጠይቀው፣ ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ እንደሚያይ መለሰ። ከዚህ በኋላ ጌታ ዳግመኛ እጁን ጫነበት፤ ያን ጊዜ አጥርቶ አየ። ከልጅነታችን ስናነበው ለምን በአንድ ጊዜ እንዳልተፈወሰ ይገርመን ነበር። አሁን እንደ ራሳችን ታሪክ እናነበዋለን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ያየነው የበጎ ሥራ ዕድል ነበረ፤ ሰው አላየንም።

ሆኖም መሄዱን አልተውንም። ስኒው ሲሰጠን እጃችን ለቅጽበት ያመነታ ነበር፤ እማማም ያውቁት ነበር፤ ስኒውን እረከቦቱ ጫፍ ላይ አስቀምጠው ራሳችን እንድናነሣ ይተዉልን ነበር፤ እንዳናፍር። ይህ ብዙ ወራት ቆየ። መቼ እንደ ቀረ አናውቅም። አንድ ቀን በሥላሴ ክብረ በዓል ማግስት፣ እማማ ስለ ልጅነት አገራቸው እያጫወቱን ሦስተኛውን ስኒ ከጠጣን በኋላ፣ ስኒውን ከእጃቸው መቀበላችንን ያስተዋለ አንድም እንዳልነበረ በመንገድ ላይ ትዝ አለን። በዚያን ዕለት ጸሎትም አላደረግንም ነበር፤ ያለቀሰም አልነበረም።

ጌታ ወደ እርሱ የመጣውን ለምጻም ሰው አስቀድሞ እንደ ዳሰሰው፣ ከዚያ በኋላ እንደ ነጻ፣ ማርቆስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይነግረናል። ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። አባቶቻችንም ጥቅምት 14 ቀን የሚታሰበውን የገብረ ክርስቶስን ታሪክ ሲተርኩልን፣ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ በገዛ አባቱ ደጅ ድኻ ሆኖ ሲተኛ፣ አሽከሮች የዕቃ እጣቢ ይደፉበት እንደ ነበር ይናገራሉ። አሽከሮቹን ሁልጊዜ እንደ ክፉዎች እንቆጥራቸው ነበር። ምናልባት እነርሱም ያን ጠዋት ጸሎት አድርገው ይሆናል።

የእማማን ልጅ በመንገድ እናገኘዋለን። በሌላ ትምህርት ቤት እንደ እኛ ዘንድሮ ይጨርሳል፤ ሰላምታ ይሰጠናል፤ ቆሞ ግን አይጫወትም። ይቅርታ ጠይቀነዋል። «ሰማሁ» አለን፤ ሌላ አልተናገረም። ለዛሬው በዓል እርሱንም እናቱንም ጠርተን ነበር። እማማ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ምርቃት ልከውልናል። እርሱ አልመለሰልንም።

ቅዳሜ እንደ ተለመደው እንሄዳለን። ከታናናሽ ክፍሎች አብሮን መምጣት የሚፈልግ ቢኖር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ በር ይጠብቀን። ዳቦ መያዝ አያስፈልግም፤ እማማ ቆሎ አዘጋጅተዋል።