አቤቱታ ሲበዛ ወንጀል በዛ ማለት ነውን?



የአሜሪካው ኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ መቀበያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. 467,361፣ በ2020 ደግሞ 791,790 አቤቱታዎች ደርሰውታል። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተነሥቶ «ወረርሽኙ ወንጀሉን አባባሰው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። እኔም በአንድ ረቂቄ ላይ እንዲሁ ጽፌ ነበር፤ ኋላ ሰረዝሁት።

በ2018 ቁጥሩ 351,937 ነበር። ይህ ማለት ኮቪድ ሳይመጣም አቤቱታው በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስተኛ እጅ ገደማ አድጓል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ምን ያህል ጨመረ ብለን ሳይሆን፣ ነባሩ አካሄድ ቢቀጥል ኖሮ ከሚደርስበት ምን ያህል አለፈ ብለን ነው፤ ለዚህም የብዙ ዓመታት ወርኃዊ መረጃ ያሻል። ደግሞም አቤቱታ ራሱ ወንጀል አይደለም። ቤት የዋለ ሰው ለማመልከት ጊዜ ያገኛል፤ በፍቅር ስም የተታለለው ግን አፍሮ ዝም ይላል።

«የተጎጂዎች ዳሰሳስ?» ትሉኝ ይሆናል። በእንግሊዝና ዌልስ የፊት ለፊት መጠይቁ በማርች 2020 ተቋርጦ በሜይ በስልክ ተተካ። መለኪያችንንም ወረርሽኙ ለወጠው ማለት ነው! እንግዲህ የታየው ልዩነት ከወንጀሉ ይምጣ ከስልኩ በምን እንለያለን?

እኔ ዛሬ ብጀምር፣ ከወርኃዊው መረጃ ጎን ለጎን ተጎጂዎችን በጥልቅ ቃለ መጠይቅ አነጋግራለሁ፤ በቅድሚያ የምጠይቃቸውም ስንት ብር እንደተወሰደባቸው ሳይሆን ለማን እንደተናገሩ ነው።